ግራ እጄ ሥራ አለው

በአዲስ አበባ የቴኒስ ሜዳ አጥር ሥር የተቀመጠ ሰው ሁሉ አሠልጣኝ ነው። ማኪያቶውን ይዞ፣ እግሩን አነባብሮ፣ ራኬት ጨብጦ የማያውቀው ሳይቀር፣ በአንድ እጇ ባክሃንድ የምትመታ ሴት ሲያይ አፉን መያዝ ያቅተዋል። «እህቴ፣ በሁለት እጅሽ ያዢው እንጂ! ይቀልልሻል» ይላል። መቅለሉን ማን ጠየቀው? ከአርባ ዓመቴ በኋላ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ከኪሴ ከፍዬ፣ የቅዳሜ ጠዋት እንቅልፌን ትቼ የያዝኩትን ነገር እንዴት እንደማቃልለው ሊያስረዱኝ የሚሽቀዳደሙት ሰዎች ብዛት መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር። አሁን አያስቀኝም።

ቴኒስ ለማይከታተል አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። ቀኝ እጇን የምትጠቀም ተጫዋች በቀኟ በኩል የመጣላትን ኳስ ስትመታ ፎርሃንድ ይባላል፤ በግራዋ ሲመጣባትና የእጇን ጀርባ ወደ መረቡ አዙራ ስትመታው ባክሃንድ ነው። ይህን ባክሃንድ ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚመታው ራኬቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ነው። ሁለተኛው እጅ ጉልበት ይጨምራል፣ ራኬቱን ያረጋጋል፣ ለዘገየ ሰውም መውጫ ቀዳዳ ይተውለታል። የአንድ እጁ መውጫ ቀዳዳ የለውም። ኳሱን ከፊት እግርሽ ቀደም ብለሽ ካላገኘሽው አለቀ፤ ወይ መረብ ውስጥ ነው፣ ወይ ጎረቤት ሜዳ ላይ የሚጫወቱትን ሰዎች ይቅርታ እየጠየቅሽ ነው።

ስለዚህ በሁለት እጅ መምታት ይቀላል። ይህን አልክድም። የምጣላው «ይቀላል» ካሉ በኋላ ክርክሩ የተዘጋ ከሚመስላቸው ሰዎች ጋር ነው። ጨዋታ እኮ ነው! ግብር መክፈል ቢሆን፣ ፓስፖርት ማሳደስ ቢሆን፣ የቀለለውን መንገድ ማንም ሳይነግረኝ እፈልገዋለሁ። ቁም ነገሩ ኳስን ከመረብ ወዲያ ማድረስ ብቻ ከሆነማ በእጅ መወርወር ከሁሉም ይቀላል። ሰው ራኬት የሠራው፣ መስመር ያሰመረው፣ መሐሉ ላይ 91 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መረብ የዘረጋው ነገሩን በፈቃዱ ለማክበድ ነው። እዚያ ሜዳ ላይ ቆሞ ስለ መቅለል የሚሰብከኝ ሰው የት እንደቆመ ረስቷል።

አሠልጣኝ አሉኝ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። በዕድሜያቸው እንዳሉት እንደ ብዙዎቹ የከተማችን አሠልጣኞች ቴኒስን የተማሩት ኳስ አቀባይ ሆነው ነው። ትልልቅ ሰዎች ሲጫወቱ ኳስ እየለቀሙ፣ ሰዎቹ ሲሄዱ አንድ ሰው በጣለው የእንጨት ራኬት ግድግዳ እየደበደቡ። ባክሃንዳቸው የአንድ እጅ ነው። ዛሬም፣ ጉልበታቸው እያመማቸው፣ ሁለት እርምጃ ብቻ ተራምደው ትከሻቸውን አዙረው ሲለቁት በጎን ያሉት ሜዳዎች ላይ ጨዋታ ይቆማል። እኚህ ሰው ከትምህርት ቤት መልስ የሚመጡ ብዙ ልጆች ያስተምራሉ። ከልጆቹ አንድም በአንድ እጅ የሚመታ የለም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይህን የመሰለ እጅ ይዘው ለምን ልጆቹን በሁለት ያስመቷቸዋል?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ወላጅ የሚከፍለኝ ኳሷ መረቡን ስታልፍ ሊያይ ነው» አሉኝ። «በሁለት እጅ በወሩ ታልፋለች። በአንድ እጅ ዓመት እንጠብቅ ብለው ልጁን ይዞ ወደ ዋና ይሄዳል።»

በእሳቸው አልፈርድም። በሰዓት የሚከፈለው ሰው ሰዓቱ ምን እንዳፈራ ማሳየት አለበት። ግን ልብ በሉልኝ፤ የአንድ እጅ ባክሃንድን የገደለው የራኬት ቴክኖሎጂ ነው፣ የጨዋታው ፍጥነት ነው፣ የሰውነት ሳይንስ ነው ሲባል ስንት ዓመት ሰምቻለሁ። በጋሼ አፍ ግን ገዳዩ የወር ክፍያ ሆኖ ወጣ። እኔን በአንድ እጅ ሊያስተምሩኝ የተስማሙትም አጥር ላይ ቆማ ውጤቴን የምትጠይቃቸው እናት ስለሌለችኝ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ምክር ከመጀመሪያው ይብሳል። «ለሴት አይሆንም፣ ክንድ ይፈልጋል» ይሉኛል። ይህን የሚለኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክንዱ ከእኔ ክንድ እምብዛም የማይሻል ነው፤ እሱ ይቅር። መልሴ በአንድ እጅ ባክሃንድ የምትመታው ጀስቲን ኤናን ናት። ቤልጅየማዊቷ ኤናን ቁመቷ 1 ሜትር ከ67 ነው፤ በተራ ወረፋ መሐል ብትቆም የምትታይ አይደለችም። ግራንድ ስላም ከሚባሉት ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች 7 ዋንጫ ወስዳለች፤ አራቱን ኳስ ከፍ ብሎ በሚነጥርበት በሮላንድ ጋሮስ፣ በፈረንሳይ ኦፕን፣ ቀይ አፈር ላይ። በ2007 የአሜሪካ ኦፕን በሩብ ፍጻሜ ሴሪና ዊልያምስን፣ በግማሽ ፍጻሜ ቬነስ ዊልያምስን አሰናብታ ዋንጫውን አነሣች። ሁለቱን እህቶች በአንድ ውድድር! (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የኤናን ባክሃንድ ከክንድ የሚወጣ ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። ኃይሉ ከእግር ይነሣል፣ በዳሌ ያልፋል፣ ትከሻ ሲዞር ይለቀቃል፤ ክንድ የመጨረሻው ተረካቢ ነው። ክንድ የሚፈልገውስ እግሩን ያልተጠቀመ ሰው ነው። አሜሊ ሞሬስሞ በ2006 አውስትራሊያ ኦፕንንና ዊምብልደንን፣ ፍራንቼስካ ስኪያቮኔ በ2010 ሮላንድ ጋሮስን በአንድ እጅ ባክሃንድ ወስደዋል። ከስኪያቮኔ ወዲህ በሴቶች ነጠላ ይህን የደገመች የለችም። ሴት ስለማትችል አይደለም፤ ስለማይፈቅዱላት ነው።

ደግሞ የሚገርመው የሁለት እጁ ታሪክ ራሱ ነው። ክሪስ ኤቨርት በሁለት እጅ የጀመረችው ትንሽ ልጅ ሆና የእንጨቱ ራኬት በአንድ እጅ ስለከበዳት ነው። የቴኒስ መምህር የነበሩት አባቷ ስታድግ ትተወዋለች ብለው ጠበቁ፤ እሷ 18 ግራንድ ስላም ወሰደችበት። በዚያው በ1970ዎቹ ጂሚ ኮነርስና ቢዮርን ቦርግ በሁለት እጅ ዓለምን ገለበጡት። መብታቸው ነው፣ እጅ እነሣለሁ። ግን አንዲት ልጅ የራኬት ክብደት ስላቃታት ያገኘችውን ዘዴ ወስዶ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ እንደ ላባ በቀለለ ራኬት ለሚጫወት ጤነኛ ሰው ሁሉ ግዴታ ማድረግ ከየት የመጣ ሕግ ነው?

አሁን ወደ ሙሾ አውራጆቹ ልለፍ፤ ከእነሱም ጋር ሒሳብ አለኝ። በፌብሩዋሪ 2024 ግሪካዊው ስቴፋኖስ ሲሲፓስ ከዓለም አሥር ምርጦች ሲወጣ፣ የወንዶች ደረጃ በ1973 ከተጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአሥሮቹ መሐል በአንድ እጅ ባክሃንድ የሚመታ ጠፋ። በአንድ እጅ የሚመታው ስዊዘርላንዳዊው ሮጀር ፌደረር ቀደም ብሎ በ2022 ራኬቱን ሰቅሎ ነበር። ያን ሰሞን ያልተለቀሰ የለም። ውበት ሞተ ተባለ፣ ጥበብ ተቀበረ ተባለ። ሟቹ ግን ሙት ዓመቱ ሳይደርስ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ በአንድ እጅ የሚመታው ጣሊያናዊው ሎሬንዞ ሙሴቲ በዚያው ዓመት ዊምብልደን ላይ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ፣ በፓሪስ ኦሊምፒክ ነሐስ አጠለቀ፣ በ2025 ከአሥሮቹ ውስጥ ገባ። አልቃሾቹ ይቅርታ ሲጠይቁ አልሰማሁም።

ለቅሶው ያበሳጨኝ ግን ስለተሳሳተ ብቻ አይደለም። የአንድ እጅ ባክሃንድን «ውበት» ብሎ መጥራት መስታወት ሣጥን ውስጥ ማስገባት ነው። ውብ የተባለውን ሰው ቆሞ ያየዋል እንጂ አንሥቶ አይጠቀምበትም። ፌደረርን በቴሌቪዥን እያየ «ግጥም ነው!» ብሎ የሚጮኸው ጓደኛዬ ራሱ ሜዳ ላይ ሲያገኘኝ «አንቺ ምን አስጨነቀሽ፣ በሁለት ምቺ» ይለኛል። ግጥሙ ለስዊዘርላንዳዊ፣ ዝርው ለእኔ! እኔ ይህን ምት የምማረው እንዲያምር አይደለም። ራሴን አላየውም፤ የሚያየኝ ሰው ደግሞ ገና ምንም የሚያምር ነገር አላገኘም። የምማረው ሰውነቴ ከእግር ጣቴ እስከ እጄ አንጓ ተስማምቶ አንድ ነገር ሲሠራ ምን እንደሚመስል ማወቅ ስለፈለግሁ ነው። ከአርባ በኋላ ሰውነት የሚያመጣልሽ ዜና ባብዛኛው መጥፎ ነው፤ ጥሩውን ራስሽ ሄደሽ መፈለግ አለብሽ።

የአንድ እጁ ድክመት ምን እንደሆነ ከመካሪዎቼ በላይ ስለማውቀው እኔው ልናገረው። ትከሻ ላይ የደረሰ ኳስ ነው። ወገብ ላይ ሲመጣ ንጉሥ የሆነው ክንድ ትከሻ ላይ ሲደርስ አቅም ያጣል፤ ወደ ላይና ወደ ፊት የሚገፋው ጡንቻ እዚያ ከፍታ ላይ ትንሽ ነው። ስፔናዊው ራፋኤል ናዳል ይህን አውቆ ነው ግራኝ ፎርሃንዱን ኳሱን ወደ ፊት በሚያሽከረክር ከባድ ቶፕስፒን እየጠቀለለ ዓመት ከዓመት ወደ ፌደረር ባክሃንድ የላከው። በ2008 የሮላንድ ጋሮስ ፍጻሜ 6 ለ 1፣ 6 ለ 3፣ 6 ለ 0 የተጠናቀቀው ፌደረር ሰንፎ አይደለም። ፈጣን ሰርቭ (የመክፈቻ ምት) መመለስም እንዲሁ ነው፤ ጊዜ በሌለበት ሁለተኛ እጅ ይጠቅማል። ይህ እውነት ነው፣ ማንም አይሸፋፍነው።

እዚህ ላይ ከተማችን የራሷን ታክልበታለች። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ሕግ ከባሕር ጠለል ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለየ ኳስ ፈቅዷል፤ አየሩ ሲሳሳ ተራው ኳስ ይበርራልና፣ መሬት ሲነካም ይፈነጥራልና። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የእኛ ኳስ ግን ብዙ ጊዜ ከውጭ የመጣ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ የወሸቀው ነው፤ ለየትኛው ከፍታ እንደተሠራ የሚጠይቅ የለም። ከቆርቆሮው አዲስ የወጣ እንደሆነ ሜዳችን ላይ ቀልድ አያውቅም። ቶፕስፒኑም በሳሳ አየር ውስጥ ኳሱን እንደ ባሕር ዳርቻ ከተማ አጥብቆ ወደ ታች አይጎትተውም፤ ስለዚህ ያ ሁሉ ጥቅለላ አልፎ አልፎ ከመስመር ውጭ ያርፋል። በአጭሩ፣ አዲስ አበባ ላይ ኳስ ወደ ትከሻዬ የሚልክብኝ ጡረተኛ ሁሉ ናዳል ነው።

ታድያ ማን ያድነኛል? የጋሼ ዘንቢል። ውስጡ ያሉት ኳሶች ትንፋሻቸው የወጣ፣ ፀጉራቸው የተመለጠ ሽማግሌዎች ናቸው። አዲስ ኳስ ውድ ስለሆነ እስኪሞቱ ይመታሉ። እነዚህ ምስኪኖች ከወገቤ አልፈው መነሣት አይችሉም፤ ለአንድ እጅ ባክሃንድ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። ድህነታችን በስሕተት የሠራልን የሥልጠና መሣሪያ ነው ብል አታጋነኚ አትበሉኝ። በሌላው ዓለም ለልጆች ሆን ተብሎ እየተሠራ የሚሸጠው ይኸው ዝግተኛ ኳስ ነው፦ ቀዩ ከተራው ኳስ 75 በመቶ የዘገየ፣ ብርቱካናማው 50፣ አረንጓዴው 25። ከ2012 ጀምሮ አሥር ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች ውድድር በእነዚህ ኳሶች እንዲሆን ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደንግጓል። እንግዲህ አስቡት፤ ራኬቱ ቀለለ፣ ኳሱ ዘገየ፣ ንጥረቱ በልጅ ወገብ ልክ ሆነ። ኤቨርትን ሁለት እጅ ያስያዛት ሰበብ በሙሉ ተወገደ። ልጆቹ ግን እንደገና በሁለት እጅ! ሰበቡ ሄዶ ልማዱ ቤቱን ወረሰ።

ልማዱን የሚቀልበው ማን እንደሆነ አንድ የልጆች ውድድር ላይ ተቀምጬ አይቻለሁ። አንድ ስምንት ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው ልጅ፣ ማንም ሳያስተምረው ይመስለኛል፣ ባክሃንዱን በአንድ እጁ ይለቀዋል። ግማሹ ይወጣል። የገባው ግማሽ ግን ከዕድሜው በላይ ነበር። ተሸነፈ። አባትየው ውኃ እንኳ ሳያቀብለው «ከነገ ጀምሮ በሁለት እጅ ነው የምትመታው፣ ገባህ?» አለው። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን፤ ልጃችን ከረፋድ በፊት ካልበረረ ግን እንቁላሉን እንሰብረዋለን።

የሁለት እጅ ጠበቆች የማይወዱት ታሪክ ደግሞ ይኸውላችሁ። ፒት ሳምፕራስ እስከ 14 ዓመቱ በሁለት እጅ ይመታ ነበር፤ ከዕድሜ እኩዮቹ በላይ ነበር። የሕፃናት ሐኪም የሆነ መካሪው ዊምብልደንን የምትወስድ ከሆነ አንዱን እጅ ልቀቅ አለው። ለቀቀ። ያሸንፋቸው የነበሩ ልጆች ያሸንፉት ጀመር። አንድ ልጅ እንዲህ ዓይነት ሽንፈት እየተጋተ ሲከርም ወላጆቹ ምን እንዳሉት አላውቅም፤ እሱ ግን ወደ ሁለት እጁ አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ 14 ግራንድ ስላም ወሰደ፤ ሰባቱ ዊምብልደን። አንድ ሰው በትልቅነቱ እንዲያሸንፍ በልጅነቱ እንዲሸነፍ ፈቀዱለት፤ ነገሩ ይኸው ነው። በእኛ ሜዳ ያን ፈቃድ የሚሰጥ አላየሁም። ስታን ዋውሪንካም፣ ዶሚኒክ ቲምም ልጅ ሆነው ከሁለት ወደ አንድ የተሸጋገሩ ናቸው። ዋውሪንካ በ2015 የሮላንድ ጋሮስ ፍጻሜ ኖቫክ ጆኮቪችን የረታው በዚያች የአንድ እጅ ምት መስመሩን እየታከከ ነው።

ግን «ሁሉም በአንድ እጅ ይምታ» የምል እንዳይመስላችሁ። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ፔርሲ ሮስበርግ ትንሹን ቦርግን በእጁ ሲያገኘው ሁለት እጁን ተወለት። በኋላ ስቴፋን ኤድበርግ ሲመጣለት ደግሞ አንዱን ልቀቅ አለው። ቦርግ 11 ግራንድ ስላም፣ ኤድበርግ 6። አንድ አሠልጣኝ፣ ሁለት ልጆች፣ ሁለት የተለያየ መልስ፤ ሁለቱም ልክ! ሮስበርግ ዓይኑን የተከለው ልጁ ላይ ነበር፤ የሰፈሩ ፋሽን ላይ ወይም የወላጅ ፊት ላይ አልነበረም። የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው፣ እንዲያዩ። ጋሼ ዘንድ ከሚመጡት ልጆች መሐል ወደ ፊት መሮጥ የሚወድ፣ መረብ የሚያሸተው፣ ትከሻው የሚዞርለት ልጅ የለም ማለት ነው? ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው?

አሁን ስለ ራሱ ስለ ምቱ ትንሽ ልበል፤ ይህ የምወደው ክፍል ነው። የራኬት እጀታ ስምንት ጎን አለው። ለፎርሃንድ የጠቋሚ ጣትሽ ሥር ያለው አንጓ ከጎኖቹ በቀኝ በኩል ያለው ላይ ያርፋል፤ ለባክሃንድ ወደ ላይኛው ጎን መውጣት አለበት። ኳሱ ከወዲያኛው ራኬት ተነሥቶ እስኪደርስሽ ድረስ ይህን አዙረሽ መጨረስ አለብሽ። ማን ያዞረዋል? ግራ እጅ! ቀኝ እጅ ላላ ሲል ግራ እጅ የራኬቱን አንገት ይዞ ያሽከረክረዋል። ከዚያ ራኬቱን ወደ ኋላ ይስበዋል፣ ሲስብም ትከሻን አብሮ ያዞራል። «አገጭሽ ቀኝ ትከሻሽ ላይ ይረፍ» ይሉኛል ጋሼ። ለረጅም ጊዜ ኳስ ሳይወረውሩልኝ ይህንኑ ብቻ አሠርተውኛል፤ አዙሪ፣ ተመለሽ፣ አዙሪ። ትከሻ ሲዞር የሰውነት ኃይል ይጠራቀማል። ቀጥሎ ቀኝ እግር ወደ ኳሱ ይረግጣል፣ ጉልበት ይታጠፋል፣ የራኬቱ ጭንቅላት ከኳሱ በታች ይወርዳል። ከዚያ ጎራዴ ከአፎቱ እንደሚመዘዝ ቀኝ እጅ ወደ ፊትና ወደ ላይ ይወጣል፤ ክርን የተዘረጋ፣ የእጅ አንጓ የጸና። ግራ እጅስ? አሁንም አልጨረሰም። ቀኙ ወደ ፊት ሲሄድ እሱ ወደ ኋላ ይዘረጋል፤ ደረትን በጎኑ የሚያቆየው እሱ ነው። ያን ካልሠራ ደረትሽ ቀድሞ ይከፈትና ኳሱ ወደ ጎን ይሸሻል።

እንግዲህ «ሁለተኛ እጅሽን ለምን አትጠቀሚም» የሚለኝ ሰው የአንድ እጅ ባክሃንድ ምን እንደሆነ አያውቅም ማለት ነው። ግራ እጄ ያዞራል፣ ይስባል፣ ይለቃል፣ ይጠብቃል። አንዷን ቅጽበት ብቻ አይነካም፤ ኳሱ የሚነካባትን።

ይህ ሁሉ ሲገጥም ምን እንደሚሰማ በደንብ መግለጽ እፈልግ ነበር። ክንድ ምንም አይሰማውም። ድምፁ ሌላ ነው፤ ወፍራምና አጭር። ዓይንሽ ኳሱ የነበረበት ቦታ ላይ እንዳለ ኳሱ ከመረብ ወዲያ መሬት ነክቷል። ለእኔ ይህ በአንድ ጠዋት ጥቂት ጊዜ ብቻ ይደርሰኛል፤ ይበቃኛልም። በሁለት እጅ ይህን ብዙ ጊዜ ታገኚዋለሽ የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ሞክሬው አውቃለሁ፤ በሁለት እጅ ኳሱ ይገባል፣ ደግሞም ይገባል፣ አሁንም ይገባል፣ እኔም ከዚያ በኋላ ምሳ ምን እንደምበላ አስባለሁ።

ስለ ክርንም የሚያስፈራሩኝ አሉ። «ቴኒስ ኤልቦ ይይዝሻል» ይላሉ። ሊይዘኝ ይችላል። ግን የሚይዘው ባብዛኛው ዘግይቶ የሚመታ፣ ክርኑን ያስቀደመና የእጁን አንጓ አጥፎ ኳሱን የሚገፋ ጀማሪ ነው፤ ንዝረቱ ሁሉ በክርኑ ውጫዊ ጎን ላይ ካለችው ጅማት ላይ ያርፋል። መድኃኒቱ ቀድሞ መዞርና ከፊት መምታት ነው፣ የራኬቱን ክር ውጥረት ማላላትም ይረዳል። አሠልጣኝ የሚከፈለው ለዚህ አይደለም እንዴ?

«ጊዜው አልፎብሻል» ለሚሉኝ ደግሞ ሜልበርን 2017ን፣ የአውስትራሊያ ኦፕንን፣ ልጥራ። ፌደረር 35 ዓመቱ ነበር፤ ጉልበቱ ታሞ ስድስት ወር ከውድድር ርቆ ነው የመጣው። ራኬቱን ቀደም ብሎ ከ90 ወደ 97 ኢንች ካሬ አስፍቶት ነበር። በፍጻሜው ያ ናዳል፣ ያ ወደ ትከሻ የሚፈነጥር ኳስ ጠበቀው። በአምስተኛውና በመጨረሻው ዙር («ሴት» ይሉታል) 3 ለ 1 እየተመራ ነበር። እንደ ድሮው ኳሱን ወደ ታች በሚቆርጥ ስላይስ እየሸሸ አልመለሰም፤ ኳሱ ሳይነሣ ወደ ፊት ገብቶ፣ ንጥረቱ ወገቡ ላይ ሳለ ባክሃንዱን ለቀቀው። አምስት ጌም በተከታታይ ወስዶ አሸነፈ። 17 ግራንድ ስላም የነበረው ሰው በ35 ዓመቱ ባክሃንዱን እንደ አዲስ ሲማር፣ ምንም የሌለኝ እኔ ምን አጣለሁ? ደረጃ የለኝ፣ ስፖንሰር የለኝ፣ ዋንጫ የሚጠብቅብኝ አገር የለኝ። በዚህ ከተማ እንደ ልቡ መሸነፍ የሚችል ሰው ቢኖር እኔ ነኝ፤ እጠቀምበታለሁ። ትከሻዬ ላይ ሲመጣብኝ የፌደረርን ያህል ስለማልፈጥን ግማሹን ወደ ፊት ገብቼ እሞክራለሁ፣ ግማሹን በስላይስ ወደ ታች እቆርጠዋለሁ። ስላይሱ ደግሞ ከተመለጠ ኳስ ጋር ሲገናኝ ጨርሶ ስለማይነሣ፣ አጎንብሰው የማያውቁ ጡረተኛ ናዳሎቼ ይራገማሉ።

ልጆች ግን እንደ እኔ አይደሉም፤ መሸነፍ ሌላ ሰው ካልፈቀደላቸው አይችሉም። ስለዚህ ልጆች ለምታሠለጥኑ ሁሉ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ለአንድ የውድድር ወቅት ብቻ ከአሥር ዓመት በታች ላሉት የነጥብ ሰሌዳውን አንሡት። በዝግተኛው ኳስ፣ ወይም በሌለበት በሞተው ኳስ፣ በአንድም በሁለትም እጅ አስመቷቸው። ወቅቱ ሲያልቅ ልጁ የመረጠውን ይያዝ። ይህንኑ ለጋሼ ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዘንቢላቸውን ሲያስተካክሉ ቆዩና «ዓመት የሚጠብቅ አንድ ወላጅ አምጪልኝ፣ እኔ አስተምራለሁ» አሉኝ።

እየፈለግሁ ነው። ትከሻው የሚዞርለት ልጅ ያለው፣ በየሳምንቱ «ስንት ለስንት?» ብሎ የማይጠይቅ ወላጅ ካለ ይምጣ። ጋሼ ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ሜዳው ላይ ናቸው፤ ክፍያው በአንድም በሁለትም እጅ ያው ነው።